ፖላሮይድ ለጉርድ ፎቶ አይሆንም፤ ለጣና ዳር ግን ይሆናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጥር ሊገባ ነው። ጥምቀቱ፣ ቃና ዘገሊላው፣ ሠርጉ ባሕር ዳርን ሲያጨናንቃት ሐይቁ ዳር ካሜራ ያልያዘ ሰው አይገኝም። ከስልኩና ከዲጂታሉ መሐል ሮዝና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ትንሽ ፎቶ የሚያወጣ ካሜራም እየታየ ነው። ሰው በጅምላ «ፖላሮይድ» ይለዋል፤ አብዛኛው ግን የፉጂ ኢንስታክስ ነው። ፊልሙ ውድ ነው። አንድ ፓኬት የሚይዘው 10 ፍሬ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ አራትና አምስቱ ሲበላሽ ገንዘብ የከፈለውም ፎቶ ያነሣውም ካሜራውን ይረግማሉ። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የካሜራው አይደለም። በዚህ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች እንደ መሆናችን፣ በዓሉ ሳይደርስ ይህን ብታወጡልን ብለን ነው የጻፍነው።

አስቀድመን «ፖላሮይድ ሞቷል» ስለሚባለው። የፖላሮይድ መሥራች ኤድዊን ላንድ ይህን በራሱ የሚታጠብ ፊልም ለሳይንስ ሰዎች ያሳየው በ1947 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ካሜራው ቦስተን ውስጥ ተሸጠ፤ ባለ ቀለሙ በ1963 መጣ፤ ከካሜራው ወጥቶ ዓይናችን እያየ መልክ የሚያወጣው ዓይነት ደግሞ በ1972 ኤስኤክስ-70 ከሚባለው ካሜራ ጋር ተወለደ። ኮዳክ በ1976 ሊፎካከር ገብቶ በፓተንት (በፈጠራ መብት) ክስ ተረታና በ1986 ገበያውን ለቆ ወጣ፤ ኋላም 925 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ረቺው ፖላሮይድ ግን ዲጂታል ካሜራን አልረታም። በ2001 ከሰረ፣ በ2008 ፊልም ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሆላንድ፣ ኤንስኼዴ ከተማ የቀረውን ፋብሪካ ጥቂት ሰዎች ተረከቡት። ማሽኑ ነበር፤ ኬሚካሎቹ ግን ከገበያ ስለጠፉ ቀመሩን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው። ዛሬ በፖላሮይድ ስም የሚሸጠው ፊልም የዚያ ልፋት ውጤት ነው። ኢንስታክስ በበኩሉ በ1998 ተጀምሮ፣ ሊጠፋ ተቃርቦ፣ በ2018 የበጀት ዓመት ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ካሜራ ተሸጦበታል።

ታዲያ የሞተው የትኛው ነው? የሚላጠው ፊልም ነው። በየአገሩ ፎቶ ቤት አራት ሌንስ ባለው ካሜራ ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ይነሣበት የነበረው እርሱ ነው። ትንሿን ነጭ ጭራ ስበህ ታወጣለህ፣ ቀጥሎ ትልቁን ጭራ ሳታቋርጥ ትስባለህ፤ የፉጂው ኤፍፒ-100ሲ ከሆነ በ25 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ ትልጠዋለህ። ኬሚካሉ ከተጣለው ወረቀት ጋር ይሄድና እጅህ ላይ ንጹሕ ፎቶ ይቀራል፤ በመቀስ አራት ቦታ ቆርጠህ ማኅተም ሊመታበት ትሰጣለህ። ፉጂ ማምረቱን እንደሚያቆም በ2016 አስታወቀ፤ ያ ሥራ ወደ ዲጂታል ካሜራና ወደ ፕሪንተር ዞረ። ይህን መለየት የሚያስፈልገው፣ ዛሬም ኢንስታክስ ቆርጦ ጉርድ ፎቶ ሊያደርግ የሚሞክር ስላለ ነው። የዛሬው ፎቶ አንድ ነጠላ ወረቀት አይደለም። በሁለት ፕላስቲክ መሐል ቀለሙና ኬሚካሉ ታሽጎ ይኖራል። መቀስ ሲገባበት ንብርብሩ ይለያያል፣ ትኩስ ከሆነም ቆዳ የሚያቃጥል ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል። እጅ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በብዙ ውኃ መታጠብ ነው።

ከታች ያለው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ለጌጥ ወይም ለመጻፊያ የተተወ የሚመስለው ብዙ ነው። ኬሚካሉን የያዘችው ትንሽ ከረጢት እዚያ ውስጥ ናት። ፎቶው ሲወጣ ሁለት ሮለሮች ከረጢቷን ጨፍልቀው ኬሚካሉን በምስሉ ላይ እኩል ይዳምጡታል፤ የተረፈው ከላይ ባለው ጠርዝ ውስጥ ይጠራቀማል። እንግዲህ በሮለሩ ላይ የደረቀ ቆሻሻ ካለ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በተመሳሳይ ርቀት የሚደጋገም ነጥብ ይወጣል፤ ፎቶው ሲወጣ መውጫውን በጣት ከያዝከው ወይም ከጎተትከው ደግሞ ጥጉ ሳይዳረስ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ፓኬት በተለወጠ ቁጥር ሮለሩን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ እያሽከረከሩ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ጨርሶ የማይረዳው ማራገብ ነው። ፎቶ ማወዛወዝ የሚላጠው ፊልም ዘመን ልማድ ነው፤ ያኔ የረጠበው ፎቶ በነፋስ ይደርቅ ነበር። የአሁኑ የታሸገ ስለሆነ ነፋስ አያገኘውም፣ ይልቁንም ሲተጣጠፍ ኬሚካሉ ይዛነፋል። ኢንስታክስ ከ90 ሰከንድ በኋላ መልኩ ይታያል። ፖላሮይድ ባለ ቀለሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እንደ ወጣ ወዲያው ከብርሃን ሸፍኖ በግንባሩ መድፋት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ። እኩለ ቀን ላይ ጣና ዳር ነጠላ የለበሰች ሙሽራ በኢንስታክስ ስትነሣ ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ፊቷ ደግሞ ከዓይኗ በታች ጥላ ይዞ ይጠቁራል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ነው። ሚኒ 8 እና ሚኒ 9 የሚባሉት የኢንስታክስ ካሜራዎች ዘወትር በ1/60 ሰከንድ ነው የሚተኩሱት፤ ቀለበቱን ስታዞር የሚለወጠው የሌንሱ ቀዳዳ ብቻ ነው፦ ኤፍ 12.7፣ 16፣ 22 እና 32 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። በጠራራ ፀሐይ ይህ ፊልም በኤፍ 32 የሚበቃው 1/200 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ካሜራው የመጨረሻው ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሆኖም ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ያስገባል። ሚኒ 11 እና 12 ፍጥነታቸውን ራሳቸው እስከ 1/250 ስለሚያደርሱ ይሻላሉ፤ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ፊልሙ ሁለቱንም አይችልም። መፍትሔው ዋርካ ሥር መግባት ነው። ጥላው ውስጥ ልብሱም ፊቱም ይቀራረባል፣ ፍላሹ የዓይኑን ጥላ ያነሣዋል። የሚኒ 8 እና 9 ፍላሽ የሚደርሰው ግን እስከ 2.7 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሃያ ሚዜ ደርድሮ ከሩቅ መተኮስ ከንቱ ነው። በእነዚሁ ካሜራዎች ከ60 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብም ምስሉን ያደበዝዛል። ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን የተሻለ ነው። የግድ እኩለ ቀን መነሣት ካለበት፣ የጥቁር መነጽር መስታወት በሌንሱ ፊት ብቻ ይዞ ሚኒ 8ን ከኤፍ 32 ወደ ኤፍ 22 መመለስ ይሠራል። አብዛኛው ጥቁር መነጽር ከብርሃኑ አምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በታች ነውና የሚያሳልፈው። ዘዴው ውበት የለውም፤ ጥለቱን ግን ያተርፋል።

ሙቀቱ ሌላው ጠላት ነው። ኢንስታክስ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል፤ ፖላሮይድ ግን ከ13 እስከ 28 ብቻ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ፖላሮይድ ቢጫና ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው። በታኅሣሥ ንጋት በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሄዱ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይገረጣል፤ ያኔ ፎቶው እንደ ወጣ ደረት ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ያልተከፈተ ፓኬት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ ቤት ግን አይግባ፤ ከመጠቀም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሳይከፈት ይውጣ። በቆርቆሮ ኪዮስክ መስኮት ላይ ለማሳያ ተሰቅሎ የከረመ ፓኬት፣ ቀኑ ባያልፍም ያለቀለት ነው። ፖላሮይድ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የተመረተበት ቀን ነው፤ ከዚያ በ12 ወር ውስጥ ነው መጨረስ የሚገባው። ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ይህን ይመልከት።

ከውጭ ፊልም ለሚያስልኩም አንድ ነገር እንበል። በየቤቱ ቁም ሣጥን የተቀመጠው አሮጌው ፖላሮይድ 600 ባትሪ የለውም፤ ባትሪው ያለው በፊልሙ ፓኬት ውስጥ ነው። ዘመድ ዋጋው ቀነስ ያለውን «አይ-ታይፕ» ገዝቶ ከላከ ካሜራው ጨርሶ አይነሣም፣ ምክንያቱም አይ-ታይፕ ባትሪ የለውም። «600» የሚል የተጻፈበት ይላክ፤ 8 ፍሬ ይይዛል። ፊልሙ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። ጭነት ክፍል የሚገባው ሻንጣ የሚያልፍበት የኤክስሬይ ማሽን ኃይለኛ ነው።

ገዳማቱን ሳናነሣ አናልፍም። ሚኒ 8፣ 9፣ 11 እና 12 ፍላሻቸው አይጠፋም፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ይበራል። ስለዚህ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰለ መቅደሱ በጥንት ሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዟቸው የሚገባ ሰው፣ ቢፈቀድለት እንኳ ለሥዕሎቹ ሲባል ባይተኩስ ይሻላል። ፍላሹ የሚጠፋው እንደ ሚኒ 90 ባለው ላይ ነው። ውጪው ላይ፣ ከዛፉ ሥር ካሉት አባትና ከታንኳ ቀዛፊው ጋር ግን ይህ ካሜራ ወደር የለውም። እንግዳ የሰው ፎቶ አንሥቶ «እልክልሃለሁ» ብሎ ሄዶ የሚቀርበት አገር ነው። በዚህ ካሜራ ግን ቀዛፊው ፎቶውን በእጁ ይዞ፣ መልኩ ሲወጣ እያየ ይቀራል። ኔጋቲቭ የለም፣ ኮፒ የለም፣ ያለው እርሱ እጅ ያለው አንዱ ነው። ስልክ በሺሕ የሚቆጠር ፎቶ አንሥቶም ይህን ስለማይሰጥ ነው ፊልሙ ፋብሪካ ተዘግቶበት እንኳ ያልቀረው።

ስጦታውን የሚያበላሸው ደግሞ ላሚኔት ነው። ፎቶው ይጠበቅልኝ ብሎ በጋለ ማሽን የሚያሳልፈው አለ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ይለውጠዋል፣ ንብርብሩን ያፈነዳዋል። የፖላሮይድ ፎቶ ውስጡ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት አየር የማይገባበት አልበም ውስጥም አይታሸግ። ፀሐይ የማያገኘው መጽሐፍ መሐል በቂው ነው።

የኢንስታክስ ፓኬት የሚገባው በካሜራውና በፓኬቱ ላይ ያሉት ቢጫ ምልክቶች ገጥመው ነው፤ ከዚያ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ሽፋን ነው፣ ቆጣሪውም 10 ያሳያል። «ስንት ቀረ?» ብሎ የኋላውን ክዳን መክፈት ያሉትን ፊልሞች ብርሃን ማስመታት ነው። በበዓሉ ካሜራ የሚያከራዩ ሱቆች ክዳኑን ፕላስተር ቢለጥፉበት ብዙ ብር ይተርፋል፤ ሲያከራዩም ሁለት አዲስ ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ይጨምሩበት፣ የደከመ ባትሪ ፎቶውን ከሮለሩ መሐል ያስቀረዋልና።

በፎቶግራፍ ሥራ የተሰማራን
ከባሕር ዳር