ጾሙ ቢፈታም በያይነቱን አታንሱብን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ከቤት ውጭ ምሳ መብላት ከብዶኛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 መገናኛ አካባቢ ያገኘሁት ምግብ ቤት ገብቼ እንደ ልቤ እበላ ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አዚፋው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ያልነበረ ነገር የለም። በ16 ጾሙ ተፈታ። በያይነቱም አብሮ ተሰናበተ። አሁን ማክሰኞ ቀን ገብቼ «የጾም አለ?» ስል አስተናጋጇ ገረም ይላትና «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» ትለኛለች።

ፍስክ መሆኑንማ አላጣሁትም። የጠየቅኋት ቀኑን ሳይሆን ምሳ ነበር።

ሥጋ ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ግማሹ ምክንያት ጤና፣ ግማሹ ኪስ ነው ብል ይበቃል። እንቁላልና ወተት አልተውኩም። ቂቤውን ግን ሐኪም ቀንስ ብሎኛል። ስለዚህ ውጭ ስሆን የሚያዋጣኝ የጾም ምግብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጾመኛ ብላ የሠራችው ሥርዓት ለእኔ ቢጤውም ተርፏል። ችግሩ ምግብ ቤቶቻችን ይህን ምግብ የሚያስታውሱት በጾም ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ ቀኑን እንየው። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ከዚያ በኋላ ነሐሴ እስኪገባ ያለን ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ቀጥሎ ፍልሰታ ይመጣና 15 ቀን እንጠግባለን። ከነሐሴ 16 በኋላ ግን የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ሦስት ወር ማለት ነው። በመሀል ጽጌ አለ፤ እሱ የፈቃድ ስለሆነ ምግብ ቤቶች ብዙም አይቆጥሩትም።

የምጽፈው ለራሴ ሆድ ብቻ እንዳይመስልብኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። አብረን ምሳ ስንወጣ የሥጋ ነገር አይነሳም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። የቆየ ነገር ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። እኛን አንድ ትሪ ዙሪያ የሚያስቀምጠን በያይነቱ ነው። ረቡዕ ትሪውን ከበን እየተጎራረስን፣ እየተሳሳቅን እንበላለን። ሐሙስ እዚያው ቤት ስንመለስ አንዱ ቅቅል ያዛል፣ አንዷ እንቁላል ፍርፍር፣ እኔ ፓስታ በአትክልት። እያንዳንዳችን በየሳህናችን ላይ አቀርቅረን እንጨርሳለን። ሐኪም ቅባት ቀንሱ ያላቸው ሰዎችም አሉ። ወሩ ሳያልቅ ደመወዛቸው ያለቀባቸውም አሉ፤ ጥብስ ማዘዝ ለእነሱ ወሬ ነው።

ፓስታ በአትክልት ካልኩ አይቀር፣ አንድ ነገር ልናገር። ሥጋ አልበላም ላለ ሰው በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው መልስ ይኸው ሆኗል። የተቀቀለ ፓስታ፣ ላዩ ላይ ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ ከሥሩ የፈሰሰ ዘይት። ወጥ የሚሠራ እጅ ያላት ሴት እዚያው ማድ ቤት ቆማ እያለ እንዴት ይህ ይበላል?

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ለምን ሁልጊዜ እንደማትሠራ ጠይቄያት ነበር። «በፍስክ ቀን ሰው አያዝም፣ ይደፋብኛል» አለችኝ። ሐቅ አላት። በያይነቱ ማለት ሰባትም ስምንትም ድስት መጣድ ነው። ለሁለት ሰው ብሎ ይህን ሁሉ የሚጥድ የለም። ጎመኑና ፎሶሊያው በማግስቱ መልኩ ይጠፋል፣ ሰላጣውማ ከሰዓት በኋላም አይደርስ።

ግን ሁሉም ይሠራ ያለ ማን ነው? ሽሮ ዱቄቱ ካለ ሰው ሲያዝ ብቻ ይሠራል፤ ተጋቢኖ ከሆነም እዚያው በሸክላው ይንተከተካል። ምስር ወጥ በፍሪጅ ቢያድር ምንም አይሆን፤ እንዲያውም የአደረ ምስር ይበልጥ የሚጥመው ሰው ብዙ ነው። ስልጆ ደግሞ ጊዜ ሲያገኝ ነው የሚጎመዝዘው፣ የባቄላውና የሱፉ ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። አዚፋ ጠዋት ተሠርቶ ቀዝቅዞ ነው የሚቀርበው፤ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። ተልባ ተቆልቶ ከተፈጨ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በእነዚህ ብቻ ማክሰኞም ሐሙስም ትሪ ይሞላል። የሚደፋ የለም። ትኩስ ጎመን ለመጨመር የቀረው ሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ክረምቱ ራሱ ይህን ምግብ የሚጠራ ወቅት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያውቃል። በርበሬውም ሽሮውም በበጋ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ለዚህ ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ በርበሬ ላስጣ ብትል ያሻግትብሃል። ሽንኩርትና ቲማቲም በዝናቡ ምክንያት ይወደዳሉ፣ ጎመን ግን ይረክሳል፣ ይለመልማል። ዱባም አለ፤ ዱባ ወጥ በርበሬው በርከት ሲል ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ክረምቱን በከንቱ አሳልፏል። በደጋው አገር ሳማ ሳይቀር ይበላል። ማታ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት አለ። አንድ እሸት እየፈለፈሉ ታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ለአዲስ አበባ ሰው የክረምት እራት መክፈቻ ነው። ሊጡ ብቻ ነው የሚያስቸግረን፤ በብርዱ ቶሎ አይቦካም፣ የተጋገረው እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። እኛ ቤት በክረምት ጥቂት ጥቂት ነው የሚጋገረው።

ታዲያ ቤታችን እንደዚህ ሞልቶ ውጭ ስንወጣ ለምን ይጠፋል? እኔ እንደማስበው ነገሩ ከድስት ብዛት ይልቅ ከክብር ጋር የተያያዘ ነው። አያቶቻችን መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ክረምት ጎተራው የሚሟጠጥበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነበር። ጎመን የችግር ምግብ ነበር። እኛ ጎተራ የሌለን፣ ከሱቅ የምንገዛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ግን ያንን ሐፍረት ወርሰናል። አክስቴ ዘንድ ስሄድ ዛሬም ዶሮ ይቀርባል። «እትዬ፣ እኔ ሽሮ ይበቃኛል» ስል «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» ትላለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ትገባና ለራሷ የሠራችውን ሽሮ እያፈረች ታመጣለች። የእሷን ሽሮ የሚያህል ደግሞ በከተማው የለም። ምግብ ቤቶችም የሚያስቡት እንደ አክስቴ ነው። በፍስክ ቀን ሽሮ ይዞ መምጣት ደንበኛን ዝቅ ማድረግ ይመስላቸዋል።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ እውነት ነው። በጾም ጊዜ ምግብ ቤቶች ይጠነቀቃሉ። ድስቱ ተለይቶ፣ ማማሰያው ተለይቶ ይሠራል። እግዚአብሔርን ይፈራሉ፣ ጾመኛውንም ያከብራሉ። በፍስክ ቀን ግን ጥንቃቄው ይላላል። ሽሮ በዘይት አዝዤ ቂቤው ገና ከሩቅ የሸተተኝ ጊዜ አለ። ስመልሰው «ትንሽ ናት እኮ ጋሼ፣ ለመዓዛ ነው» ተባልኩ። ትንሿም ቂቤ ናት! ከሁሉ የባሰው ግን የሾርባ ቅመሟ ነገር ነው። በአንዳንድ ቤት አትክልቱ ላይ የዶሮ ጣዕም ያላትን ኪዩብ ጣል ያደርጉባታል። ዶሮው አይታይም፣ አስተናጋጁም አያውቅ። ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ጾመኛም ቢሆን፣ ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ለእንግዳም አስቡ። የውጭ አገር ሰው ሽሮ የሚባል ሥጋ የሌለው ምግብ አለ ተብሎ ይመጣና ቦዘና ያዛል፤ ሥጋ ያለበት መሆኑን የሚነግረው የለም። ሜኑ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ስንት ያስወጣል?

ዘይቱንም ቀንሱልን። ከትሪው ጠርዝ ቢጫ ዘይት የሚንጠፈጠፍበት ጎመን ለጤና ብሎ ሥጋ ለተወ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

አሁን አሁን የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ መጥቷል። የጾም ማኪያቶም አለ። ልጆቼ ይወዱታል፣ አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ሽምብራ አሳን የት አደረሳችሁት? የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ተጠብሶ፣ በርበሬው በበሰለ ቁሌት ውስጥ ገብቶ የሚቀርበውን ማለቴ ነው። አገራችን ሽምብራ በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ዋና ከተማዋ ላይ ግን ሽምብራ አሳ ያለው ሜኑ ፈልጉና አምጡ። በርገር ለመምሰል የተቸገረ ባቄላ ከምትሸጡልን እናቶቻችን ዓሣ አስመስለው የሠሩትን አምጡልን። ሥራው ይበዛል ትሉ ይሆናል። ለበርገሩ የምታስከፍሉትን አስከፍሉን፣ እንከፍላለን።

ሥጋ ለመተው ለሚያስቡ አንባቢዎች በጎን አንድ ነገር ልበል፣ ሐኪም አይደለሁም። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእጽዋት አይገኝም፤ እንቁላልና ወተትም ጭራሽ የማይቀምስ ሰው ሐኪሙን ያማክር። አይረን ከምስርም ከጎመንም ይገኛል። ነገር ግን ከማዕድ እንደተነሱ ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ሰውነት እሱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። እኔ ቡናዬን አዘገየዋለሁ። አዚፋው ላይ የሚጨመቀው ሎሚ ግን ያግዛል።

ከባለ ምግብ ቤቶች የምለምነው ብዙ አይደለም። ከሰኞ እስከ እሑድ ሁለት ሦስት ዓይነት የጾም ወጥ ይኑር። የሚጠበስበት መጥበሻ ይለይ። «በዘይት» ስንል በዘይት ይሁን። በየመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ወር ሞክሩትና ሒሳባችሁን እዩ፤ ጠያቂ የጠፋው ምግቡ የለም ብሎ ሰው መጠየቅ ስለተወ ሊሆን ይችላል።

ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ። የበዓል ሰሞን እየመጣ ነው፤ ጋዜጣው ስለ ዶሮና ስለ በግ ዋጋ መጻፉ አይቀርም፣ ይጻፍም። ነገር ግን ዘጋቢያችሁ በየምግብ ቤቱ ሲዞር አንድ ጥያቄ ይጨምርልኝ። «ማክሰኞ ቀን ሥጋ ለማይበላ ሰው ምን አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሳቸው ፓስታ በአትክልት ከሆነ ያንኑ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ