ከላ ፓዝ ለአባባ

ይድረስ ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ቦሊቪያ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ፊደል ለይታ ስምዎን መጻፍ ችላለች፤ ወንዱ ጥርሱን እየቀየረ ነው። ኢሊማኒን «የአባባ ተራራ» ነው የሚሉት፤ በረዶውን ሊያዩ እንደሚመጡ ሰምተዋል።

የጻፍኩትም ስለዚሁ ነው። ኢሊማኒ 6,438 ሜትር ነው፤ እርስዎ መውጣት ሳያስፈልግዎ ከከተማው ሆነው ያዩታል። የሚያሰጋኝ ከተማው ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው ኤል አልቶ፣ 4,060 ሜትር ላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ የሚያንሰው 500 ሜትር ያህል ብቻ። «የሱሉልታን ብርድ የለመደ ምን ይሆናል» እንዳይሉኝ፣ ጉዳዩ ብርዱ አይደለም። ኦክስጅን የትም ቢሆን የአየሩ 21 በመቶ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሱሉልታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል፣ ኤል አልቶ ላይ ወደ 40 በመቶ። ጤነኛውም የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን እያመመው ሊያድር ይችላል።

እርስዎ ደግሞ አልጋ ይዘው እንደነበር የሰማሁት ከእትዬ ነው፣ ያውም ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ። እንደ እማማ ጊዜ አገር ሁሉ አውቆ እኔ መጨረሻ ልስማ? ያኔም «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» ተባልኩ። አባባ፣ ሁለተኛ አልችለውም።

የላክሁልዎ የደም ኦክስጅን የጣት መለኪያ ከመሳቢያ ይውጣ። ጠዋት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ እጅዎን አሙቀው ይለኩ፤ የቀዘቀዘ ጣት ቁጥሩን ያሳስታል። መጀመሪያ ብቅ ያለውን ትተው ሲረጋ ይጻፉ። ዝቅ ቢልም ለእኔው ይላኩት። ከባሕር ዛፉ ጭስም ይራቁ፤ ምድጃው ጋ እርስዎን የሚያስቀምጥ ሥራ የለም።

ሐኪምዎ ከፈቀደ እዚሁ ቦሊቪያ ያለችው ኮቻባምባ ከተማ እንገናኝ፤ ከፍታዋ 2,560 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሱሉልታ ዝቅ ትላለች። ልጆቹን ይዤ እወርዳለሁ። ትኬቱ ግን በሳንታ ክሩዝ በኩል ይሁን፣ እሷ ቆላ ናት። ርካሽ ነው ብለው በላ ፓዝ የሚያልፍ እንዳይቆርጡልዎ አደራ። ኢሊማኒ ከኮቻባምባ አይታይም። ስንት ዓመት እንደተመኙት አውቃለሁ፣ ግን ወደ ላ ፓዝ እንዲመጡ አልፈልግም።

ኮቻባምባንም ከከለከለዎ ይቅር፤ ለጥቅምት ልጆቹን ይዤ ሱሉልታ እመጣለሁ። የመድኃኒቶችዎን ስም ለእትዬ ነግረው ያስልኩልኝ።

ልጅዎ