ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

ውድ ልጄ፣

በመጪው ሳምንት 23 ዓመት ይሞላሻል። ለልደትሽ የምጽፍልሽ ደብዳቤ ሁልጊዜ አጭርና ምርቃት የበዛበት እንደ ነበር ታውቂያለሽ፤ የዘንድሮው ግን እንደዚያ አይሆንም፣ ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ሁለት ነገር ነግሮኛልና። አንደኛው፣ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ለአልበምሽ ውል እንደ ላከልሽና በልደትሽ ቀን ልትፈርሚ እንዳሰብሽ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅሽ ከሻከረ ወር ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው አንቺ አሁንም በየሳምንቱ መድረክ ላይ መውጣትሽ ነው። ወንድምሽን አትቆጪው፤ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣሁት።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ሳታነቢ፣ አንብበሽም ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዪ፣ እንዳትፈርሚ።

ደስ አላለኝም ማለቴ አይደለም። ድምፅ እንዳያስገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለሽ በአንዲት ማይክሮፎን የቀዳሻቸው ዘፈኖች የማናውቀው ሰው ጆሮ ደርሰው «እናሳትማቸው» መባላቸው እናትሽንም እኔንም አኩርቶናል። ብርድ ልብሱን ምስማሩ በሁለት ቦታ በስቶት ነበር፤ እናትሽ አንድ ቃል ሳትናገርሽ ሰፍታ እንደ መለሰችው አሁን ብነግርሽ የምትቀየመኝ አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት አንቺን ለማየት በመጣንበት ምሽትም፣ ዘፈንሽን የሣልሽባቸውን እነዚያን ትልልቅ ወረቀቶች፣ አዝማቹ ባለቀ ቁጥር እጅሽን ለቅጽበት ከጊታሩ አንሥተሽ ስትገልጪ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንደሚል አይቻለሁ። ኮሚክስ፣ ያን በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ልማር ብለሽ በነገርሽኝ ቀን «የልጅ መጫወቻ» ብዬ ነበር። ያን ምሽት አፍሬበታለሁ፣ ግን አልነገርኩሽም።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ስትጀምሪ በእራት ሰዓት ያወራሽልኝን አስታውሺ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የፈጠሩትን የኮሚክስ ጀግና ሱፐርማንን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሸጡ የተከፈላቸው በገጽ 10 ዶላር፣ ለ13 ገጽ 130 ዶላር ነበር፤ ከገጾቹም ጋር የገጸ ባሕርዩ መብት አብሮ ሄደ። ሁለቱም ያኔ 23 ዓመታቸው ነበር። ስማቸው እንደ ፈጣሪ በየሥራው ላይ እንዲጻፍና በየዓመቱ 20,000 ዶላር እንዲያገኙ የመብቱ ባለቤቶች የተስማሙላቸው በ1975 ነው፤ ያኔ የሹስተር ዓይን ደክሞ ነበር። ያ 130 ዶላር የተከፈለበት ቼክ ራሱ፣ ወረቀቱ ማለቴ ነው፣ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር ተሸጠ። ይህን ስትነግሪኝ ጠረጴዛውን መትተሽ «እንዴት ሰው የገዛ ልጁን እንዲህ አድርጎ ፈርሞ ይሰጣል?» አልሽ። እኔ ዝም አልኩ። ኮሚክስ ስለማልወድ የሰለቸኝ መስሎሽ ወሬውን ቀየርሽ።

ሰልችቶኝ አልነበረም። ጠዋት ጢሜን ስላጭ የማንጎራጉራትን ዜማ ታውቂያታለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሰሚያት አድገሻል፣ የማን እንደ ሆነች ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። የእኔ ናት፤ ግጥሟም ዜማዋም። ወንድምሽ ሳይወለድ ከሦስት ሌሎች ዘፈኖቼ ጋር አንድ ላይ ሸጥኳት። የፈረምኩት ቆሜ ነው፤ ወረቀቱን በተደራረቡ የካሴት ካርቶኖች ላይ ዘርግተውልኝ፣ ገንዘቡ የተጻፈበትን መስመር ብቻ አንብቤ፣ የሌላውን መስመር ብዛት አይቼ እንኳ ምን ይላል ሳልል። ስወጣ የሰውየውን ብዕር ሳላስበው ኪሴ ከትቼው ሄጄ ነበር። ብዕሩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የውሉ ቅጂ ግን አልተሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ዘፈኗን ከፍ አድርጎ ከፈታት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በጣቱ የወንበሩን ጀርባ እየመታ አብሮ ሲያዜም፣ «የኔ ናት» ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ካሴቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ነበረ፤ ማን ያምነኛል? ጊታር ተሸክመሽ ቤት የገባሽ ቀን «ይህ እንጀራ አይሆንም» ያልኩሽ ለአንቺ አስቤ ይመስልሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የተናገረው የእኔ ቁጭት ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ነገር ነው፤ ግጥሙና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ፣ ማስተር የምትሉት፣ ሌላ። ውሉ የትኛውን እንደሚወስድ ጠይቂ፤ ሁለቱንም የሚል ከሆነ ቆም በይ። ቅድሚያ ክፍያ የሚሉት ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ከድርሻሽ እየተቆረጠ የሚመለስ ነውና እስኪያልቅ ድረስ ከሽያጩ ሳንቲም ላታዪ ትችያለሽ። «መብቱ ጸንቶ እስከሚቆይበት ጊዜ ድረስ» የሚል ሐረግ ካገኘሽ በእርሳስ አስምሪበት፤ የድርሰት መብትን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት ይህ ቢያንስ ዕድሜሽን በሙሉና ከሞትሽ በኋላ 50 ዓመት ማለት ነው። ሥዕሎችሽንም አትርሺ! «ከአልበሙ ጋር የተያያዙ ምስሎች ሁሉ» የሚል አንቀጽ ካለ፣ እየዘፈንሽ የምትገልጫቸው ገጾች አብረው ይሄዳሉ፤ ነገ እነዚያኑ ገጾች በመጽሐፍ ላውጣ ብትዪ የገዛ እጅሽን ሥራ ፈቃድ ልትለምኚ ነው። ሳታነቢ እንዳትፈርሚ የምልሽ ለዚህ ነው።

በኮሚክስ ውስጥ ትልቁ ነገር የሚፈጸመው በሁለት ሳጥኖች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት እንደ ሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በአንዱ ሳጥን እጅ ወደ ብርጭቆው ተዘርግቶ፣ በሚቀጥለው ብርጭቆው ወለል ላይ ተሰብሮ ቢታይ፣ የጣለው አንባቢው ራሱ ነው ብለሽኝ ነበር። ውሉንም እንደዚያ አንብቢው። መቼ እንደሚያበቃ ተጽፏል? አልበሙን ሳያወጡት ቢቀሩ ዘፈኖቹ ወደ አንቺ ይመለሳሉ? ሂሳቡን በየስንት ወሩ ያሳዩሻል? ያልተጻፈውን እነርሱ እንደፈለጉ እንዲሞሉት አትተዪላቸው።

የጉሮሮሽ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ነገ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መሻከር በሻይ አይታለፍም። እስከዚያ አትዝፈኚ። ድምፅሽን የምታሳርፊ መስሎሽም አታንሾካሽኪ፤ ሹክሹክታ ራሱ ጉሮሮን ያደክማል። ለጆሮሽም መሰኪያ ግዢ፦ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል፣ 100 ዴሲቤል ላይ ግን 15 ደቂቃ ብቻ፤ አንቺ የምትቆሚው ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው። ገንዘብ ካጠረሽ ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ።

የተቆጣሁ ከመሰለሽ አልተቆጣሁም። አልበሙ ይወጣል፤ እኔም የመጀመሪያውን ቅጂ በሙሉ ዋጋ እገዛለሁ። እነዚህ ሰዎች እውነት ከወደዱሽ ሁለት ሳምንት ይታገሡሻል፤ ካልታገሡም ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ በነጻ አወቅሽ። በልደትሽ ቀን ኬክሽን ቁረጪ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሳቂ፣ ብዕር ግን አትንኪ።

አሁኑኑ የውሉን ገጾች በሙሉ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የመጨረሻውን ገጽ ጀርባ ጭምር።

አባትሽ