ክንድ የሌለው ሰውዬ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጅማ ዝናብ አላባራም እንጂ። ትናንት አክስትሽ ደውላ «ልጅህ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ነው የምታነጋው፤ ዓይኗ ቀልቷል። የምትስለውም ጆሮው ከገላው የሚበልጥ ጉድ ነው፤ ጠበል ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለችኝ። የጠበሉን ነገር ለእኔ ተዪው። አንቺ ግን ሌሊት ተኚ።

ለጌም የምትስያቸውን ፍጥረቶች ንቄ አይደለም። ክረምት ላይ ወርክሾፕ መጥተሽ ያጫወትሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጌሙ ጀግና ማሪዮ ሪዝ ያወጣው ለቁንጅና አይደለም አልሽኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 ማሪዮ መጀመሪያ የታየበት ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም ሲሠራ ስክሪኑ የሚችለው ጥቂት ነጥብ ብቻ ነበርና ሠሪው ሺገሩ ሚያሞቶ አፍ ከመሳል ትልቅ አፍንጫና ሪዝ ቀለለው፤ ፀጉሩ ሲያስቸግረው ኮፍያ ደፋለት፤ ቱታውም ክንዱ ሲወዛወዝ እንዲለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሌላው የጌም ጀግና ሬይማን ደግሞ ጭራሽ ክንድም ቅልጥምም የለው! መዳፉና ጫማው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። መጀመሪያ ሳቅሁበት፤ ሲዘልና ሲማታ እያየሁ ግን ክንድ እንደሌለው ረሳሁት። ቸግሯቸው ያደረጉት ነገር መልክ ሆኖላቸው ቀረ።

አያትሽም እንዲህ ገጥሞት ነበር። አንጓ የበዛበት የዋንዛ ግንድ አግኝቶ፣ አንጓውን ልጥረብ ቢል እንጨቱ ሊሰነጠቅበት ሆነ፤ ተወው። አንዱ እግሩ ያበጠ ባለሦስት እግር በርጩማ ወጣው። እኔ «ሽማግሌው» ብዬ ስም አወጣሁለት። ሐሙስ ገበያ ሲወጣ፣ ልስልሶቹ ተደርድረው ሳለ መጀመሪያ የተሸጠው እሱ ነው። እግሩን ይዤ አለቀስኩ። አባቴ አላየኝም መሰለኝ፤ ወይ አይቶኝ ገንዘቡ ቸግሮት ይሆናል፤ ሳልጠይቀው ሞተ። ዛሬም ለቅሶ ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው በርጩማዎቹ ላይ ነው፤ እናትሽ ትቆጣኛለች። ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ሌሊት ተኚ።

በቴሌግራም የላክሽልኝ ፍጥረት ግን አላሳመነኝም። ቀንድ፣ ክንፍ፣ ሦስት ዓይን፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ ሌላ አፍ፤ ምን ቸገረሽና? ሰው ጉድ እንዲል ብቻ የተጨመረ ነገር ያስታውቃል። አንቺው እንደነገርሽኝ፣ ሁሉንም ጥቁር ቀቢውና ቅርጹን ብቻ እዪ፤ ማን እንደሆነ ካልለየ ክንፉን አውጪው። ጆሮውን እንዳትነኪ። ጆሮው ግሩም ነው፤ ይህን ለአክስትሽ አትንገሪያት።

ቡናና ማር ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ፤ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ማሩን ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ክዳኑ ያንጠባጥባል። ቻርጀር አልጋ ላይ ሰክተሽ እንዳትተኚ። ሰኞ ፈተና አለሽ ተብሏል፤ እሑድ ማታ ኮምፒውተሩን ለአክስትሽ አስረክቢና ተኚ። እደውልላትና አጣራለሁ።

አባትሽ