ኩሬው ይጠረግ፤ ግን ከላይ ካለው ቦይ ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ከሚገኙት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ ግቢ ያለውን ኩሬ ስለማደስ ክርክር ተነስቷል። በዚያ ግቢ ለብዙ ዓመት ግብርና አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼን ኩሬው ዳር አስቀምጬ የአፈር መሸርሸር ምን እንደሆነ በዓይናቸው እንዲያዩ አደርግ ነበር። ዛሬ ግማሹ ደለል ነው፤ የቀረውን ፊላ ወርሶታል። ባለፈው ጊዜ የልጅ ልጄን ይዤ ብሄድ «አባባ፣ ውሃው የታለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

እድሳቱን የሚቃወሙ ሰዎች «ተማሪ በመኝታ ክፍል ተጣቦ፣ ቤተ ሙከራው ኬሚካል አጥቶ፣ ለጭቃ ገንዘብ ይወጣል ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለመምህርነቴ ዘመን ሁሉ በጎደለ ዕቃ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ስሜቱ ይገባኛል። መልሱ ግን ኩሬውን መርሳት አይደለም፤ ወጪውን በትክክል መቁጠር ነው።

ለምሳሌ ግማሽ ሄክታር ኩሬ ላይ በአማካይ አንድ ሜትር ደለል ካለ 5,000 ሜትር ኩብ ጭቃ ይወጣል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ከ300 ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት። ስለዚህ ገንዘቡን የሚበላው ቁፋሮው ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውም ነው። ጭቃው ከከተማ ውጭ ከተወሰደ ዋጋው ሌላ ነው፤ ደርቆ እዚያው ለግቢው ማሳ ከዋለ ሌላ ነው። ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ግን መመርመር አለበት፤ ከወርክሾፕና ከቤተ ሙከራ የሚወጣ ፍሳሽ እርሳስና መሰል ብረቶችን ጭቃው ውስጥ ትቶ ሊሆን ይችላል።

ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ደለሉ ይለካ። ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ምልክት የተደረገበት ረጅም ቀርከሃ ይዞ በታንኳ ወይም በበርሜል መንሳፈፊያ ኩሬውን እየከፋፈሉ መሄድ ነው፤ ቀርከሃው መጀመሪያ ጭቃውን የሚነካበት፣ ተገፍቶ ጠንካራው መሬት ላይ የሚቆምበት ይመዘገባል። ልዩነቱ የደለሉ ውፍረት ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሁለት ቀን ይጨርሱታል። ሳይለካ በግምት የወጣ ጨረታ መሃል ላይ «ተጨማሪ ሥራ» እየተባለ ዋጋው ሲያድግ አይቻለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን ከኩሬው በላይ ያለው ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አንድ ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ላይ ብቻ በዓመት ወደ 15,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ሕንፃ በተጨመረ ቁጥር ይህ ጎርፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የግንባታ አሸዋና የተቆፈረ አፈር ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ይጥላል። የመጸዳጃ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ያልቃል። ይህ ሳይዘጋ ኩሬውን መጥረግ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል መወልወል ነው። መግቢያው ላይ ጎርፉ የሚበርድበትና አሸዋው የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ይቆፈር፤ በየዓመቱ በአካፋ ይጠረጋል። ዳር ዳሩን ቬቲቨር ሣር ይተከል። ይህ ሣር ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ገብቶ የቡና ማሳ አፈር ሲጠብቅ የኖረ ነው።

የሐረማያን ሐይቅ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ ሐይቅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ እያለ፣ በ1990ዎቹ ደርቆ የከብት መዋያ ሆነ። ለመስኖ ያለ ልክ ተሳበ፣ ከተራራው የወረደው ደለልም ሞላው። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃው ሲመለስ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። እዚህም ከአዌቱ ወንዝ እስከ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም እስከ ግልገል ግቤ ግድብ ድረስ ከከተማችን የሚታጠበው አፈር የሚሄድበትን መንገድ ሁላችንም እናውቃለን። የግቢው ኩሬ ከዚያ ጥቂቱን የሚያስቀር ነው።

የወባ ስጋት የሚያነሱ አሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን የወባ ትንኝ በብዛት የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። አሁን ያለው ረግረግ ለእሷ ከጥልቅ ኩሬ ይልቅ ይመቻታል። ዳሩ ቀጥ ያለ፣ ሣሩ የታጨደ፣ የትንኝ እጭ የሚበላ ቆሮሶ ዓሣ የተለቀቀበት ኩሬ የተሻለ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ግን ክትትል ይፈልጋል፤ ጅማ ውስጥ የጤና ተማሪ ስለሞላ ያን መሥራት ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚሰጥ መሆኑ ይታወቃል፤ ተማሪ ቀበሌ ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ልምድ እዚህ ኩሬ ላይም ይሠራል።

ውሃ ምህንድስና፣ ዓሣ እርባታ፣ አፈር፣ ኬሚስትሪ፣ ሕዝብ ጤና፤ አምስት ክፍል አንድ ኩሬ ላይ ይማራል። ነጭና ጥቁር የተቀባ ሳህን በገመድ አውርዶ ውሃው ምን ያህል እንደጠራ መለካት ለተማሪ በመጽሐፍ ከማንበብ ይበልጣል። ለመስክ ጉብኝት አውቶቡስና ነዳጅ የሚወጣው ከዚህ ጋር ይነጻጸር።

ጊዜውም ይታሰብበት። ሥራው የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጨረታው ከተጓተተ ማሽኑ የሚገባው ዝናብ ሲጀምር ይሆናል፣ ጭቃውም ተመልሶ ይገባል። ከዚያም በላይ በየዓመቱ ኩሬውን ለመንከባከብ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ በስሙ ይያዝ።

ለአመራሩ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የደለሉ ልኬት በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ተሠርቶ ለሠራተኛውና ለተማሪው ይለጠፍ። የድሮ ቀርከሃዬ አሁንም ቤቴ አለ፤ ልኬቱ በሚጀመርበት ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው በር ላይ እገኛለሁ።

ጡረታ የወጣ የግብርና መምህር
ከጅማ