የምትንዘፈዘፍ አራስ ውሻ ሁሉ አላበደችም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ውሻ አርብቶ መሸጥ ለከተማ ወጣቶች የገቢ ምንጭ እየሆነ ስለመምጣቱ በቅርቡ ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ክትባት የተባለው ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ ውሻዋ ከወለደችበት ሰዓት አንሥቶ ቡችሎቹ ጡት እስኪጥሉ ድረስ ስላለው ጊዜ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁበትም። አርቢ እናቲቱንም ቡችሎቹንም በአንድ ሌሊት ሊያጣ የሚችለው በዚያው ጊዜ በመሆኑ፣ የደረሰብኝን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ወደድሁ።

ክብደቷ 5 ኪሎ የማይሞላ ነጭ ፀጉራም ውሻ አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ስድስት ቡችሎች ወልዳ፣ በ18ኛው ቀን ምሽት ከማደሪያዋ ወጥታ እየተቅበጠበጠች ስታለከልክ አየኋት። ቡችሎቹ ሲጮኹ ዞር ብላ አታያቸውም። ብዙም ሳይቆይ የኋላ እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀው መራመድ ተሳናት፤ ከዚያም በጎኗ ወድቃ ለሃጯ እየተዝረበረበ ትንዘፈዘፍ ጀመር። የግቢያችን ዘበኛ «ይህቺማ አብዳለች» ብሎ ዱላውን አነሣ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ መርዝ በልታ ነው ብለው ወተት በጣሳ ይዘው መጡ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል በመሆኑ በዘበኛው አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እጄን ወደ አፏ አላስጠጋሁም። ወተቱ ግን መዋጥ በማትችል ውሻ ጉሮሮ ቢፈስ ኖሮ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላት ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከወለደች ስንት ቀኗ ነው?» ብሎ ነው። በሽታው የደም ካልሲየም ማነስ ነበር። ብዙ ቡችሎች የምታጠባ ትንሽ ውሻ በወተቷ የምታወጣውን ካልሲየም ሰውነቷ መተካት ሲያቅተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወለደች በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ጡንቻዎቿ ይገታተራሉ፣ ሙቀቷም ከ40 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ካልታከመች ትሞታለች። ሐኪሙ መጥቶ ካልሲየሙን በደም ሥሯ ሲሰጣት ማዳመጫውን ከደረቷ አላነሣም፣ መድኃኒቱ በፍጥነት ከገባ ልብ ያቆማልና። መርፌው ሳያልቅ የደረቁት እግሮቿ ተፍታቱ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ቀና ብላ ቡችሎቿን ፈለገች። ለአንድ ቀን ግን እንዳታጠባ ተከልክላ ስድስቱን በተራ ስናበላ አደርን።

ጥፋቱ የእኔም ነበር። እርጉዝ ሳለች አንድ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ «አጥንቷን ያጠነክርላታል» ብሎ የሸጠልኝን የካልሲየም እንክብል በየቀኑ እሰጣት ነበር። ከሐኪሙ እንደተረዳሁት፣ በእርግዝና ወቅት ካልሲየም ከመጠን በላይ ሲሰጥ በአንገት ያለውና በደም ውስጥ የሚገኘውን የካልሲየም መጠን የሚቆጣጠረው ዕጢ ይሰንፋል፤ ወተት በድንገት ሲፈስ ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንት ቶሎ መሳብ አይችልም። ለእርጉዝ ውሻ፣ በተለይ 63 ቀን ያህል ከሚቆየው እርግዝና በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ የሚያስፈልጋት የተሟላ ምግብ ነው፤ እንክብሉ በሐኪም ትእዛዝ ካስፈለገም ከወለደች በኋላ ነው።

ስለ ቡችሎቹም ጥቂት ልበል። ላም ያረባ ሰው ሁሉ የእንገርን፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት ነገር ያውቃል፤ የውሻም እንገር እንደዚያው ነው፣ በሽታ የሚከላከለውን ነገር የቡችላ አንጀት የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። እናቲቱ ወተቷ ቢዘገይ ወይም ፈርታ ቡችሎቿን ብትገፋ «ነገ ትለምዳቸዋለች» ብሎ ማደር አይገባም። የላም ወተት በውሃ አቅጥኖ መጋትም መፍትሔ አይደለም፤ የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ የበለጸገ ስለሆነ፣ ቡችላው ሆዱ ተነፍቶ እያስቀመጠው ይራባል። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት መግዛት ይሻላል። ሲጠጣም በሆዱ ተኝቶ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባው ተንጋልሎ መሆን የለበትም።

ከረሃቡ ይልቅ የሚቀድመው ብርዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቡችላ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ደግሞ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ማደሪያው 30 ዲግሪ ያህል እንዲሆን፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንድ በኩል ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከሞቃቸው ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻሉ። የቀዘቀዘ ቡችላ ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳታሞቁት አትመግቡት፣ ሆዱ ወተቱን አይፈጭም። በወጥ ቤት ሚዛን በየማለዳው መመዘን ከምንም ይበልጣል፤ ጤነኛ ቡችላ በ10 ቀን ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል፣ ከጀማው ተነጥሎ ክብደቱ የሚቀንሰው ሳይጮህ ሊሞት ነው።

እኔ በዚያው ሰዓት የእናቲቱን ጡቶች አንድ በአንድ እዳብሳለሁ። አንዱ ጠጥሮ ከጋለ፣ መልኩም ከቀላ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ከዞረ፣ ጠብታ መዳፌ ላይ አውጥቼ አያለሁ። ደም ወይም መግል የቀላቀለ ከሆነ ጡቷ ቆስሏልና ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት መስጠት አይገባም። ይህ ችግር ቡችሎቹ በአንድ ቀን ተጠራርገው ሲወሰዱም ይመጣል። በካርቶን ተጭነው መንገድ ዳር ከሚሸጡት መካከል ገና ስምንት ሳምንት ያልሞላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ገዢው ሲጠይቅ «ሦስት ወራቸው ነው» ይባላል፤ እቤት የቀረችው እናት ደግሞ ግቷ ተወጥሮ ታድራለች።

የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መምህራን ስለዚህ ጉዳይ በጋዜጣችሁ ተከታታይ ትምህርት ቢሰጡ፣ ከእኔ የተሻለ ያብራሩታል ብዬ አምናለሁና ዝግጅት ክፍላችሁ እንዲጋብዝልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ውሻ አርቢ፣ ከአዲስ አበባ