የሸጣችሁልኝ ግግር በረዶ በመርከቡ መንገድ ላይ አልነበረም

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከነሐሴ 5 እስከ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በእናንተ በኩል የተገዛውን የአላስካ የመርከብ ጉዞ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ከሲያትል ተነስቶ አላስካን አይቶ የሚመለስ የሰባት ሌሊት የክሩዝ ጉዞ ከእናንተ ገዝተን ከልጄ ጋር ሄደናል። ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። በቴሌግራምም ደጋግሜ ጽፌያለሁ። «የአየር ሁኔታ ነው እማማ፣ እኛ ምን እናድርግ?» ከሚል መልስ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳልና አሁን በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

ጉዞው ለእኔ ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ ቅሬታዬ አይገባችሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ የግግር በረዶው ምዕራፍ ሲደርስ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ ተራራ እሥላለሁ። ከተራራው ቁልቁል የሚወርድ የበረዶ ወንዝ እሥላለሁ። ጫፉ ላይ ባሕር አደርግበታለሁ። ከዚያ አንዱ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» ይለኛል። ሳይጠየቅ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም። «አላየሁም» እላቸው ነበር። ብርድ አላጣንም፤ ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። በስሜንና በባሌ ተራሮች በጥንት ዘመን ግግር እንደነበረና ዛሬ አሻራው ብቻ እንደቀረም አስተምሬያለሁ። እየተሰነጠቀ ባሕር ውስጥ የሚወድቅ ግግር ግን እዚህ አገር የለም።

ልጄ ሲያትል ነርስ ናት። ከሁለት ዓመት በላይ የሌሊት ፈረቃ እየደረበች ገንዘብ አጠራቀመች። «እማዬ፣ ያን የምትሥዪውን ነገር አሳይሻለሁ» አለችኝ። የወሰዳችሁት ገንዘብ ይህ ነው።

የላካችሁልኝ የጉዞ ፕሮግራም አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ «ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሙሉ ቀን» ይላል። ከሥሩ እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው የማርጀሪ ግግር ፎቶ አለ። ከመክፈላችን በፊት ሠራተኛችሁን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ልጄ፣ ይህ መርከብ እዚያ እንደሚገባ እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። «ይገባል እማማ፣ ዋናው እኮ እሱ ነው» አለኝ። የቴሌግራም መልእክቱ አልጠፋም፤ ስክሪንሾቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ግሌሸር ቤይን የመረጥኩት ስሙ ስላማረኝ አይደለም። በ1794 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊው አሳሽ የቫንኩቨር መርከቦች በዚያ ሲያልፉ ባሕረ ሰላጤው ገና በግግር የተሞላ ነበር፤ አፉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ብቻ ነበር የምትታየው። ከዚያ ወዲህ ግግሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሸሽቷል። መርከቡ አሁን የሚቀዝፍበት ውኃ ያኔ በረዶ ነበር ማለት ነው። ዓለም ላይ ይህን ያህል ፈጥኖ የሸሸና ሽሽቱም በሰው ዓይን እየታየ የተመዘገበ ግግር ጥቂት ነው። ለተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማስረዳውን ነገር በአንድ ቀን ላየው ነበር።

መርከቡ ላይ በወጣን በመጀመሪያው ምሽት ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩ። የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ገለጻ እንደሚሰጡ አንብቤ ስለነበር በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ለመጠየቅ ነበር። ወጣቷ በትሕትና ሰማችኝ። ኮምፒውተሯን አየች፤ ደግማ አየች። ከዚያ የታተመ ወረቀት አውጥታ በጣቷ አምስተኛውን ቀን አሳየችኝ። «ኢንዲኮት አርም» ይላል፤ ሌላ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነው። «እመቤት፣ ይህ መርከብ በዚህ ወቅት ግሌሸር ቤይ አይገባም» አለችኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አነበብኩት። ያው ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ፊቷን ላለማየት ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እንግዲህ የአየር ሁኔታ ያላችሁትን እንመልከት። ወደ ግሌሸር ቤይ በቀን ከሁለት በላይ ክሩዝ መርከብ አይገባም። ፈቃዱ የሚሰጠውም አስቀድሞ ነው። የትኛው መርከብ በየትኛው ቀን እንደሚገባ ከጉዞው ብዙ ወራት በፊት ይታወቃል። የእኛ መርከብ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በዚያ ቀን ሰማዩ እንደ መስከረም ቢጠራ እንኳ አይገባም ነበር። እናንተ የአንዱን መርከብ ፕሮግራም ከሌላው መርከብ ዋጋ ጋር አጣብቃችሁ ሸጣችሁልኝ። ሳታውቁ አድርጋችሁት ከሆነ ስህተት ነው። አውቃችሁ ከሆነ ደግሞ ስሙን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ያም ሆኖ አምስተኛውን ቀን በጉጉት ነው የጠበቅሁት፤ ኢንዲኮት አርም መጨረሻ ላይም ዶውስ የሚባል ግግር አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። የአባቴን የመንዝ በርኖስ ደርቤ ከፍተኛው ሰገነት ላይ ወጣሁ። ጭጋጉ የጣርማ በርን ጉም ነበር የሚመስለው፤ አጠገብ ያለ ሰው አይታይም። ቆይቶ ትንሽ ገለጥ ሲል ውኃው ላይ የበረዶ ስባሪዎች አየሁ። ሰማያዊ ናቸው። ነጭ ነበር የምሥላቸው፤ ለካ የተጨመቀ በረዶ ሰማያዊ ይሆናል የሚለው እውነት ነው። አንዷ በሬ የምታህል ስባሪ በቀስታ እየዞረች አለፈች። ዘጠኝ እጇ ከውኃ በታች እንደሆነ ስለማውቅ ዓይኔን ልነቅልባት አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቶ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ተንሳፋፊው በረዶ ስለበዛና ጭጋጉ ስላልተገፈፈ ከዚህ አንቀጥልም አለ። መርከቡ ዞረ።

ለካፒቴኑ ቅሬታ የለኝም። ነፍስ ይዞ ነው የሚሄደው፤ መመለሱ ልክ ነው። ቅሬታዬ እዚያ ባሕር ውስጥ በሌላ ስም ባስገባችሁኝ በእናንተ ላይ ነው።

በስልክ ይህን ስነግረው ሠራተኛችሁ «ታዲያ ጁኖ ላይ ግግር አይተዋል አይደል እማማ?» አለኝ። አዎ፣ አይቻለሁ። በመኪና መንገድ ከሌላው ዓለም ጋር የማትገናኘው የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ስንደርስ ልጄ ከኪሷ ከፍላ በአውቶቡስ ሜንደንሆል ወደሚባለው ግግር ወሰደችኝ። ሐይቁን ተሻግሮ፣ በሁለት ተራራ መካከል፣ ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ልጄ እጄን ይዛ «ይኸው እማዬ» አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ያን ሰዓት ግን የሰጠችኝ ልጄ ናት እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ደግሞም እኛ ስናየው ሜንደንሆል የሚያልቀው ሐይቅ ላይ ነበር። ባሕር አይደርስም። ጓሳን አሳይሃለሁ ብላችሁ ገንዘብ የተቀበላችሁትን እንግዳ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አውርዳችሁ «እዚህም ብርድ አለ አይደል?» ብትሉት ይቀበላችኋል? ጭላዳውስ? ቀይ ቀበሮውስ?

ሁለተኛው ነገር ክፍላችን ነው። የከፈልነው ለባሕር እይታ በረንዳ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። በሩን ከፍተን ስንገባ በረንዳ የለም። መስኮት አለ። መጋረጃውን ስገልጠው ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባ መስታወቱን ሞልቶታል። ከጀልባው በላይ አንድ ስንዝር የምታህል ሰማይ ትታያለች። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ስነሳ የማየው የጀልባውን ሆድና የተቀባበትን ቁጥር ነበር። እንግዳ መቀበያው ስንጠይቅ ክፍሉ ከመጀመሪያውም «እይታው የተከለለ» በሚል በርካሽ ዋጋ የተያዘ መሆኑን በጽሑፍ ሰጡን። የሁለታችን ልዩነት 640 ዶላር ነው። ያ ገንዘብ መርከቡ ጋ አልደረሰም። የት እንደቀረ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ጉዞው ፍልሰታ ላይ መሆኑንም አስቀድሜ ነግሬያችሁ ነበር። «የጾም ምግብ ተመዝግቧል» ብላችሁኛል። መርከቡ ላይ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን በዳቦ፣ በሰላጣና በተቀቀለ ድንች አለፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ ህንዳዊ ወጥ ሠሪ ነገሩን ሰምቶ ራሱ ወጣና አነጋገረኝ። ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም ስለው ሳቅ ብሎ «ገባኝ እናቴ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስር ሠራልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

የካናዳውን ቪዛም ልጄ ባታስታውስ ኖሮ መርከቡ ላይ ጭራሽ አንወጣም ነበር። የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ሲመለስ መንገድ ላይ የሌላ አገር ወደብ መንካት አለበት። ሕጉ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያውቅ የጉዞ ወኪል ነው ወይስ መንገደኛ? ለጣት አሻራና ለፓስፖርት ብዬ 130 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ለአንድ መልእክት ሰንፋችሁ ነው።

ጉዞው በሙሉ መጥፎ ነበር አላልኩም። የመርከቡ ሠራተኞች ጨዋ ናቸው። ስካግዌይ በምትባለው የአላስካ ከተማ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ተጀምሮ በ1900 እ.ኤ.አ. ያለቀውን የተራራ ባቡር ተሳፍረናል፤ ድልድዮቹን ሳይ የጣርማ በር ዋሻ ትዝ አለኝ። ሁለቱም ገደልን የደፈሩ መንገዶች ናቸው። ይህን የምጽፈው ያላገኘሁትን ነገር ብቻ እንደምጠይቅ እንድታውቁ ነው።

የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። የክፍሉን ልዩነት 640 ዶላር ለልጄ እንድትመልሱ። ለግሌሸር ቤይ ጉዞ ባስከፈላችሁን ዋጋና እኛ በተሳፈርንበት መርከብ ትክክለኛ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት በዝርዝር አስልታችሁ እንድትከፍሉ። የተሰጠን ፕሮግራም የሌላ መርከብ እንደነበረም በማኅተም አምናችሁ እንድትጽፉልኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ይዤ የምሄድበት ቦታ አለ።

አንድ አስቸኳይ ነገር ይቀራል። ባለፈው ሳምንት የቴሌግራም ገጻችሁን ከፈትኩ። ያው የማርጀሪ ፎቶ፣ ያው መርከብ፣ ያው «ሙሉ ቀን» የሚል ጽሑፍ ለመጪው ክረምት ተለጥፏል። አብረውኝ ያስተማሩ ሁለት ጓደኞቼ አይተውት ልጆቻቸው ቅድሚያ ክፍያ ሊከፍሉላቸው ነው። አንደኛዋ ደውላ «ያንቺን በረዶ ልናይ ነው» አለችኝ። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። የዘንድሮው መርከብ እንደሚገባና እንደማይገባ አጣርታችሁ፣ የማይገባ ከሆነ ፎቶውን ዛሬውኑ አንሱት። ለእነሱ እኔ ነግሬያቸዋለሁ። የማላውቃቸውን ሌሎች ግን ልነግራቸው አልችልም።

ስሜና ስልኬ በደረሰኙ ላይ ስላሉ እዚህ አልደገምኳቸውም። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

አባሪ፦ የጉዞ ፕሮግራሙ ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም መልእክቶች፣ ከመርከቡ እንግዳ መቀበያ የተሰጠ የክፍል ማረጋገጫ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው የንግድና ሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት
ለልጄ፣ ሲያትል